ክቡር ወይስ ሞተር ሊገዙ ነው

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ የገዛ እና ሊገዛ ነው የሚባል። የገዛው ገዝቶ ዝም ይላል። ሊገዛ ነው የሚባለው ግን አይገዛም፤ ዝምም አይልም። በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዘመዱ ቤት አንድ አንድ አለ። የእናንተው ምናልባት ማቀዝቀዣ ይሆናል የሚያማርጠው፤ ወይም ምንጣፍ። ሊያገባ ነው እየተባለ ፀጉሩ የሸበተም የዚሁ ወገን ነው። የእኛ ሰፈሩ ግን የሚያማርጡት ሞተር ሳይክል ነው።

የእኛው ክቡርነታቸው መነጽር ሠሪ ናቸው። ስም አላቸው፤ መታወቂያቸው ላይ ተጽፏል። ሰፈሩ ግን «ክቡር ወይስ» ይላቸዋል፤ እኔም ከሰፈሩ አልወጣም። ማዕረጉን ያገኙት በሥራቸው ነው። ሱቃቸው አንድ ጠባብ ክፍል ናት፤ ከፍ ዝቅ የሚል ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱ ፊደላት፣ ከፊደላቱ ጎን ደግሞ በራሳቸው እጅ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ፤ «መነጽርን በልብስ መጥረግ በጥብቅ ክልክል ነው።» ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ አፍንጫችሁ ላይ ከባድ የብረት ፍሬም ያሳርፉና ሌንስ እየቀያየሩ ይጠይቋችኋል፤ «የመጀመሪያው ይሻላል፣ ወይስ ሁለተኛው?» ይህን ጥያቄ ሰውዬው ለሃያ ስምንት ዓመት በየቀኑ ሲጠይቁ ኖረዋል። በኋላ ጥያቄው ከወንበሩ ተነሥቶ እሳቸው ላይ ተቀመጠ።

እኔ የጋዜጣ አራሚ ነኝ። የሰው ስሕተት ስለቅም ዓይኔ አልቋል፤ ስለዚህ በዓመት ሁለቴ ከዚያ ወንበር አልጠፋም። አንድ ቀን የሙያቸውን ምሥጢር ነገሩኝ።

«አንዳንዴ ያንኑ ሌንስ ሁለቴ አስቀምጣለሁ» አሉኝ። «አወጣለሁ፣ አገላብጠዋለሁ፣ መልሼ ያንኑ። ደንበኛው ‹ሁለተኛው ይሻላል› ካለኝ እኔን ደስ ለማሰኘት ነው የሚያወራው። ከዚያ ወዲያ የሚለኝን ግማሹን ነው የማምነው። ‹ሁለቱም አንድ ናቸው› ያለኝ ሰው ግን የእውነት ሰው ነው።»

«እኔስ ምን ብዬ ነበር?»

«አንተማ ‹ሁለተኛው በጣም ይሻላል፣ ፊደሉ ጠቆረልኝ› ብለህ አመሰገንከኝ።»

ክው አልኩ። ለካ አሥር ዓመት ሙሉ በግማሽ እምነት የተሠራ መነጽር ነው አድርጌ የምዞረው።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ከሱቃቸው ሁለት መንገድ ርቆ ባለው የሞተር መሸጫ መስታወት ውስጥ አንድ ቀይ የጣሊያን ስፖርት ሞተር ቆመ። ከአጠገቡ ጥቁር ሰማያዊ የጃፓን ሞተር ነበር። ክቡርነታቸው ከአውቶቡስ ወርደው እዚያው መስታወቱ ፊት ተተከሉ፤ የዚያን ቀን ሱቁ ሳይከፈት ዋለ። ማታ ቤቴ መጡ።

«ጣሊያኑን ያየ ሰው እህል አይበላም» አሉኝ።

«ታዲያ ይግዙታ» አልኩ። በዚያ ዘመን የዋህ ነበርኩ።

«ወይስ ጃፓኑን?» አሉ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት።

ሞተር የማይችሉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። በወጣትነታቸው የፖስታ ቤት ሞተር ነድተው ደብዳቤ አድለዋል፤ መንጃ ፈቃዳቸውን እስከዛሬ ጊዜው ሳያልፍ ያሳድሳሉ። ችግሩ መንዳቱ ላይ አይደለም። «ጣሊያኑ ነፍስ አለው» ይላሉ ሰኞ። ማክሰኞ፣ «ነፍስ ያለው ነገር ደግሞ ይታመማል» ይላሉ። ረቡዕ፣ «ጃፓኑ ታሞ አያውቅም።» ሐሙስ ሱቃቸውን ዘግተው ቢሮዬ ድረስ ይመጣሉ፤ «ግን የማይታመም ነገር ምኑ ይናፈቃል?» ዓርብ እኔ ራሴ ታምሜ እተኛለሁ።

አንዴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ ግራ ዓይኔን በጥቁር ክዳን ጋረዱልኝና ስለ ጣሊያኑ ቫልቭ ጀመሩ። ቫልቩ እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚዘጋ፣ በስንት ኪሎሜትሩ መስተካከል እንዳለበት። ከኋላዬ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት አስተማሪ ነበረች፤ ቫልቩ ሳይዘጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ክቡርነታቸው ድንገት ዞረው፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲሏት ከእንቅልፏ ብትት ብላ «ቀዩን!» አለች። መልሷን ማስታወሻቸው ላይ መዘገቡት። እኔ ክዳኑ ሲነሣልኝ ብርሃኑ አስደንግጦኝ ልወድቅ ነበር፤ ግራ ዓይኔ የመሸ መስሎት ነበር።

ሌላ ጊዜ የጋዜጣው ሕንፃ ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ እጄ ተሰበረ። ሆስፒታል የመጣ ሰው ሁሉ ብርቱካን ይዞ ሲመጣ እሳቸው በፌስታል ሁለት ካታሎግ ይዘው መጡ። ጀሶውን በጥሞና መረመሩት።

«የቀኝ እጅህ ነው? አየህ፣ የጣሊያኑ የፊት ፍሬን ብርቱ ነው፤ በዚህ እጅ አትይዘውም ነበር።»

«ክቡርነትዎ፣ እኔ እኮ የወደቅኩት ከደረጃ ነው።»

«ይሁን። ከሞተር ቢሆንስ ኖሮ?»

መድኃኒት ልትሰጠኝ የመጣችው ነርስ ቆማ ማዳመጥ ጀመረች። ከሆስፒታል ስወጣ ስለ አጥንቴ የነገረችኝ አንዳች ነገር አልነበረም፤ እሷ ግን ወደ ጃፓኑ እንዳደላች በግልጽ ነግራኛለች።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ልቤ የወለቀው በስፖኪዮው ነው። ክቡርነታቸው አንድ ቀን «ሞተር የሚመረጠው በመለዋወጫው ነው» ብለው ተነሡና፣ ለሌላቸው ሞተር፣ ከሁለቱም አገር አንድ አንድ ዕቃ አዘዙ። የትኛው ፈጥኖ እንደሚደርስ ለማየት ነው። ከጃፓን ያዘዙት የፍሬን እጀታ በዘጠኝ ቀኑ ደረሰ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ተቀየሙ፤ «ዘጠኝ ቀን! ሰው እንኳ የሚናፍቅበት ጊዜ አይሰጡም?» የጣሊያኑ ስፖኪዮ ግን አምስት ወር ፈጀ። መጀመሪያ የቀኝ ላኩላቸው፤ ያዘዙት የግራ ነበር፤ መለሱት፤ እንደገና ጠበቁ። የደረሰ ዕለት ጠዋት ቢሮ ደውለው «ቶሎ ድረስ» ብቻ ብለው ዘጉት። ሰው የሞተ መስሎኝ ያልታረመ ገጽ ጥዬ በረርኩ። ስደርስ ክቡርነታቸው በራፍ ላይ ቀይ ስፖኪዮ ታቅፈው ቆመዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ያን ስፖኪዮ መታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ጢማቸውን የሚላጩት በእሱ ነው። ትንሽ ስለሆነ ፊታቸው በአንድ ጊዜ አይገባም። «ሰውዬው ፊቱን በሁለት ፈረቃ ነው የሚላጨው» ይላሉ ባለቤታቸው እትዬ። ክቡርነታቸውም ጉድለቱን አይክዱም። «እውነት ለመናገር ይህ ስፖኪዮ መንገድ አያሳይም» ብለውኛል። «የሚያሳየው የነጂውን ትከሻ ነው፤ ከትከሻው ወዲያ ያለችውን ትንሽ ቦታ።»

ሄልሜቱንስ ነገርኳችሁ? ሌላ ቤት ደህና ብርጭቆ በሚቀመጥበት ቁምሳጥን ውስጥ ሁለት ሄልሜት ደርድረዋል፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ። ሞተር የለም፤ ሄልሜት ሁለት። ቀዩን አንዳንድ ጊዜ አንገታቸውን ለማለማመድ አድርገውት ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ሰማያዊውን ግን አድርገውት አይቼ አላውቅም። እኔ ባየሁበት ቀን፣ «ለየአገሩ አንድ አንድ ሄልሜት ገዝተዋል!» ብዬ ሰፈሩን በሣቅ ገደልኩት። እሳቸው እፊቴ ቆመው ሰሙኝ። ፈገግ አሉ እንጂ አላረሙኝም። እኔ አራሚው የምታረምበት ቀን ገና ሩቅ ነበር።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ክቡርነታቸው የጃፓኑን ድምፅ ሊያጣጥሉ ሲፈልጉ «እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው የሚለው» ይላሉ፤ እትዬም ከወዲያ ክፍል፣ «የእኔ መኪና በሃያ ዓመት አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቀርታኝ አታውቅም!» ብለው ይመልሳሉ። ባለፈው ወር ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ሳለ ፔዳሉን በግራ እግራቸው ብቻ ሲረግጡ አየሁ። ቀኙን ዘርግተውታል።

«ምን ሆነው ነው እትዬ?»

«ጉልበቴ አለቀ፤ ይኸው ፔዳል በላው» አሉ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀዶ ጥገና ያደርጉልኛል። ሐኪሙ ‹ሕመሙ ይተዋል፤ መታጠፉን ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም› ብሎኛል። ‹ሞተር ላይ መውጣትማ ይቅርብዎ› አለኝ፤ እሱ ምን ያውቃል፣ ቀልዱን ነው።»

እሳቸው ግን አልሣቁም። ሱሪዬን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ነገሩን ከሥሩ ነገሩኝ። የተወለዱት ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ካለ ሐይቅ ዳር ነው። ክቡርነታቸው ያኔ ፖስተኛ ሳሉ፣ ደብዳቤ እያመላለሱ ነው የተዋወቋቸው። በፖስታ ቤቱ ሞተር ሰው መጫን ክልክል ነበር። ስለዚህ በሠርጋቸው ዕለት፣ «የራሴን ስገዛ ከኋላዬ አስቀምጬ ሐይቅሽ ድረስ እወስድሻለሁ» ብለው ቃል ገቡ። ሠላሳ ዓመት ሆነው።

«በአውቶቡስ አይሄዱም?»

«በአውቶቡስማ ስንቴ ሄጃለሁ። ይኼ ሌላ ነው።»

«ሐኪሙ ያለውን ነግረዋቸዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ካታሎጉን ይዞ በረንዳ ወጣ።»

ደሜ ፈላ። ሱሪዬን እንኳ ሳልቀበል በቀጥታ ሱቃቸው ሄድኩ። ክቡርነታቸው የአንድ መነጽር ብሎን እያጠበቁ ነበር።

«ሁለት ሳምንት ነው የቀራቸው!» ብዬ ጮህኩ። «እርስዎ ቫልቭ ይቆጥራሉ! ልብ አለዎት ወይስ የለዎትም?»

«ወይስ» ማለቴን ራሴ ስሰማ ደነገጥኩ። ተላላፊ ነው። ክቡርነታቸው ብሎኑን አጥብቀው ጨረሱ፤ መነጽሩን ብርሃን ላይ አንሥተው አዩት።

«ቅዳሜ ጠዋት መሸጫው ና» አሉኝ። «ምስክር እፈልጋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት መሸጫው ስደርስ ሻጩ በር ላይ ቆሟል። ሰላም ከማለቱ በፊት፣ «ጋሼ የእውነት ሊገዙ ነው እንዴ?» አለኝ። «እኔ እኮ ማማረጥ ሲጀምሩ ላጤ ነበርኩ። አሁን ልጄ ማንበብ ችላለች።» ወዲያው ክቡርነታቸው መጡ። በአንድ እጃቸው ሁለቱን ሄልሜት በዘንቢል ይዘዋል፤ በሌላው እትዬን ደግፈዋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እትዬ እዚያ ክፍል ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። እያነከሱ ገቡና ቀዩን አይተው፣ «ይኼ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ?» አሉ።

እኔ ስለ ቫልቭ ለመስማት ጥርሴን ነክሼ ተዘጋጀሁ። ክቡርነታቸው ግን ስለ ቫልቭ ትንፍሽ አላሉም። ሰማያዊውን ሄልሜት ከዘንቢሉ አወጡ፤ የእትዬን ሻሽ በቀስታ ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አጠለቁላቸው። ልክ ነው። በልካቸው የተገዛ ነው። ለጃፓን አልነበረም፤ የእትዬ ነበር። ሰፈሩን ያሳቅኩበት ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ከዚያ እጃቸውን ይዘው ወደ ቀዩ ኋላ ወሰዷቸው።

«እስኪ ውጪበት።»

እትዬ አዩ። ዞር ብለው አዩ። «የቱ ላይ?» አሉ።

ያኔ እኔም አየሁ። ጣሊያኑ የኋላ መቀመጫ የለውም። ነጂው ከሚቀመጥበት በኋላ ወደ ላይ ሾል ያለ ቀይ ፕላስቲክ ነው ያለው፤ ድመት እንኳ አይቀመጥበትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚህ ሞተር ያልሰማሁት ነገር የለም፤ ሲሊንደሩን፣ ማርሹን፣ ፍሬኑን በቃሌ እወጣዋለሁ። ስለ መቀመጫው አንድም ቀን፣ አንዲትም ቃል ሰምቼ አላውቅም።

«በየዓመቱ አዲሱ ካታሎግ ሲመጣ መጀመሪያ የምገልጠው የኋላውን ፎቶ ነው» አሉ ክቡርነታቸው፣ ፊታቸውን ወደ ሞተሩ እንዳዞሩ። «ዘንድሮ መቀመጫ ያወጡለት ይሆናል እያልኩ። አሥራ አንድ ካታሎግ ገለጥኩ። አላወጡለትም።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን ቢናገሩት?» አልኩ።

«ብናገርማ ‹ቀዩን ግዛ፣ እኔ እቀራለሁ› ትለኛለች።»

«ቀዩን ግዛ፣ እኔ እቀራለሁ» አሉ እትዬ ወዲያው።

«አላልኩህም?» አሉኝ ክቡርነታቸው።

«የእውነቴን ነው» አሉ እትዬ ከሄልሜቱ ውስጥ። «ስሙን በእንቅልፍህ ስትጠራ ነው የምታድረው። አንተ በሞተር ሂድ፤ እኔ በአውቶቡስ እቀድምህና ሐይቁ ዳር እጠብቅሃለሁ።»

ክቡርነታቸው በዚያ በማውቀው ድምፅ፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ለሃያ ስምንት ዓመት ሰው በጠየቁበት ድምፅ፣ «ዝም ብለሽ የምጠይቅሽን መልሺልኝ» አሉ። «የመጀመሪያው ይሻላል፣ ወይስ ሁለተኛው?»

እትዬ ቀዩን አዩ። ሰማያዊውን አዩ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ከኋላህ ከተቀመጥኩ ሁለቱም አንድ ናቸው» አሉ።

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አወለቁ። የሸሚዛቸውን ጫፍ ሳቡና፣ ያን ሁሉ ዓመት በጥብቅ የከለከሉት ሰውዬ፣ ሌንሱን በልብሳቸው ጠረጉት። ሁለቴ ጠረጉት። መልሰው አደረጉና፣ «ሰማያዊውን» አሉ።

ሻጩ እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። ፎርሙ የት እንዳለ ጠፍቶበት መሳቢያውን ሁሉ ሲያምስ ቆየ፤ ክቡርነታቸው ሲገዙ የሚሞላ ፎርም ያስፈልገኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ሄዱ። ቆሜ ሸኘኋቸው፤ ቀይ ሄልሜት ከፊት፣ ሰማያዊ ከኋላ። እትዬ በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ይዘዋቸዋል፤ እጅ እንኳ አላወዛወዙልኝም። ሞተሩ በእርግጥም እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነበር የሚለው።

ቤቴ ስገባ ተገላገልኩ አልኩ። ሰኞ በጸጥታ አረምኩ። ማክሰኞም። ሐሙስ አልጠጣም ያልኩትን ሻይ ሁለት ጊዜ ወርጄ ጠጣሁ፤ ቢሮዬን የሚያንኳኳ የለም። ወጥቼ በተዘጋው ሱቅ በኩል አለፍኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ማንም «ወይስ» ሳይለኝ የዋልኩበት የመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ብታምኑም ባታምኑም ናፈቁኝ። እንዲህ ያለ ሰው ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይኼ ነው።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሞተሩ አቧራ ለብሶ በራቸው ላይ ቆሟል። ክቡርነታቸው ካቻቪቴ ይዘው ከጎኑ ተንበርክከዋል። ጠጋ ብዬ አየሁና ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የቀኙ ስፖኪዮ የራሱ ነው፣ ጥቁር። የግራው ቀይ ነው። ያ የመታጠቢያ ቤቱ!

«ክቡርነትዎ! ይህ እኮ መንገድ አያሳይም ብለውኝ ነበር።»

«መንገዱን የቀኙ ያሳያል» አሉ።

«የግራውስ?»

«እሷን።»

በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። እትዬ ቀኝ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ፀሐይ የመታው ፊታቸው ቀልቷል። ቀዶ ጥገናው ሰኞ ነው። ከሰኞ በኋላ በዚያ ቀይ ስፖኪዮ ውስጥ የሚታይ ባዶ ቦታ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ከዚህ በኋላ ግን . . .» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱን ሐይቁ ዳር ሆኜ አሰብኩበት» አሉ። ተነሡና ጉልበታቸውን አራገፉ። «ከሞተር ጎን የሚገጠም ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ አለ። ጉልበት መታጠፍ የለበትም፤ እግሯን ዘርግታ ነው የምትቀመጠው።» እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ ከተቱ። ሲያወጡት ሁለት ካታሎግ ይዟል። «አንደኛው የጀርመን ነው። ሁለተኛው የሩሲያ። እንግዲህ ጀርመኑ ይሻላል፣ ወይስ . . .»

ሰዓቴን አየሁ። ጋዜጣው እየጠበቀኝ ነበር። ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ሁለቱንም ካታሎግ ተቀበልኳቸው፤ ስለ ጎማው፣ ስለ ብረቱ የተጻፈውን ሁሉ ዘልዬ በቀጥታ መቀመጫው ያለበትን ገጽ ገለጥኩ።